ስድስት ሐሙሶች ከመጋረጃ ጀርባ

የምነግራችሁ የጓደኛዬን ነገር ነው። በቲያትር ቤታችን ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም «መጋረጃ» ይላታል፤ ወጣቶቹ ለአክብሮት «እትዬ» ይጨምሩበታል። ሥራዋ መድረክ ማስተዳደር ነው። አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ፊቷን አይቶት አያውቅም። ነገር ግን መብራት የሚበራው፣ ሙዚቃ የሚገባው፣ ተዋናይ ከጨለማው የሚወጣው እሷ «ሂድ» ስትል ነው። እኔ የአልባሳት ክፍሉ ኃላፊ ነኝ፤ መርፌ ይሉኛል። በአንድ ጣሪያ ሥር ከሃያ ስድስት ዓመት በላይ ሠርተናል። ቅጽል ስሟ ከየት እንደመጣ ከሚያውቁት ጥቂት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ፤ ሲወጣላት እዚያው ነበርኩ። አብሬ መሳቄንም አልደብቅም።

ያን ጊዜ ሁለታችንም የትወና ትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ነበርን። መምህራችን ሲናገር የመስኮቱ መስታወት ስለሚንቀጠቀጥ «ነጎድጓድ» እንለዋለን። ለመመረቂያችን ባዘጋጀው ቲያትር ዋናዋን ሴት፣ ልጇ የሞተባትን መበለት፣ ለጓደኛዬ ሰጣት። ዋናውን ወንድ ለራሱ ወሰደ። ሁለት ወር ተለማመድን። እሷ የራሷን ቃል ብቻ ሳይሆን የሁላችንንም ቃል በቃሏ ያዘችው። ጥናት አልነበረም፤ ጆሮዋ ነው እንዲያ የተፈጠረው።

ቲያትሩ ሊታይ አራት ቀን ሲቀረው ልምምዱን የሚያዩ እንግዶች መጡ። ነጎድጓድ በመሀል ቃሉ ጠፋው። ቆመ። እኛም አብረነው ቆምን። ጓደኛዬ አጠገቡ ነበረችና፣ ከሐፍረት ላድነው ብላ፣ የጠፋውን ዓረፍተ ነገር ሹክ አለችው። አዳራሹ ባዶ ስለነበር ሹክሹክታዋ እስከ ኋላ ወንበር ተሰማ። ከእንግዶቹ አንዱ ሳቀ።

ነጎድጓድ ያን ቀን ምንም አልተናገራትም። ቲያትሩ በሚታይበት ዕለት ጠዋት ግን፣ ጥቁር ልብሷን ለብሳ ስትመጣ፣ ሁላችንንም ሰበሰበና «ይህቺ ልጅ ፊቷ የሚያምረው ከመጋረጃ ጀርባ ነው» አለ። «ሹክ ማለት ትወድ የለ? እዚያው ሆና ሹክ ትበል።»

ሁላችንም ሳቅን። ከእሱ ጋር ያልሳቀ ተማሪ ማለፊያ ነጥብ እንደማያገኝ እናውቃለን። ሚናዋን ለሌላ ልጅ ሰጠ፤ ለካ አራቱን ቀን ሙሉ በድብቅ ሲያስጠናት ከርሟል።

የጓደኛዬ እናት የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። ለዚያ ቀን ብለው ፈረቃ ቀይረው፣ አሥራ አንድ ጎረቤት ሰብስበው ፊተኛው ረድፍ ላይ ተደርድረዋል። ልጃቸው በመጋረጃው ስንጥቅ አየቻቸው። ጎረቤቶቹ «መቼ ነው የምትወጣው?» ሲሏቸው «ቆዩ፣ አሁን ትመጣለች» ይላሉ። ተተኪዋ ሦስት ጊዜ ቃል ጠፋት። ሦስቱንም ጊዜ ጓደኛዬ የገዛ ራሷን ቃል ከመጋረጃ ጀርባ አቀበለቻት። ተዋናዮቹ እጅ ነስተው ሲገቡ እናትየው ተነሡና «ታማለች» ብለው ሰዎቻቸውን ይዘው ወጡ። ቤት ሲገናኙ አንዲት ጥያቄ አልጠየቋትም። ቢጠይቋት ኖሮ አልቅሳ ይወጣላት ነበር። በሁለተኛው ዓመት እናትየው አረፉ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ጓደኛዬ ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ ወጥታ አታውቅም። ቲያትር ቤቱ ውስጥ ቃል አስታዋሽ ሆና ተቀጠረች፣ ቀስ በቀስም የመድረኩ ሁሉ አዛዥ ሆነች። ስለ ነጎድጓድ ክፉ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ስሙ በጋዜጣ ሲወጣ ግን ቆርጣ መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጣለች። አንድ ቀን «ምን ያደርግልሻል?» ብላት፣ መሳቢያውን እየዘጋች «ደህና መሆኑን እየተከታተልኩ ነው» አለችኝ። «ሳላገኘው እንዳይሞትብኝ።»

ከዓመታት በኋላ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ተመራቂዎቹ ትወና አጥተው ቤት መቀመጣቸው የበላይ መሥሪያ ቤቱን አሳስቦታል። ስለዚህ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ከትወና ውጭ ያሉትን የቲያትር ሙያዎች እንዲያዩ ታዟል፤ ስድስት ሐሙስ ከሰዓት፣ በመጨረሻም በዓመቱ መዝጊያ ቲያትር ላይ ከመድረክ ጀርባ ያለውን ሥራ ሁሉ ራሳቸው ይሠራሉ። ሥራ አስኪያጃችን መጋረጃንና እኔን መደበ። ደብዳቤው ሥር የፈረመው የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ነጎድጓድ ነበር።

«በአንቺ ቦታ ሌላ ሰው ይሂድ ልበል?» አልኳት።

«ማን ይለቅልሻል!» አለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲያ ፈካ ብላ አይቻት አላውቅም።

በመጀመሪያው ሐሙስ ነጎድጓድ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተቀበለን። ጸጉሩ ነጭቷል፤ ድምፁ ያው ነው። እጇን ጨበጣት፣ ዓይኗን አየ፣ አላወቃትም። ሊያስመስል አይደለም፤ ፈጽሞ አላወቃትም። ከዚያ አሥራ አራቱ ተማሪዎች ፊት አቆመንና «ሰማይ ላይ ሁሉም ኮከብ አይሆንም» አለ። «ተሰጥኦ ላልተቸራችሁ፣ እነዚህ እህቶቻችን ሌላ እንጀራ ያሳዩዋችኋል።» ሰዓቱን አይቶ ወጣ።

እኔ ደሜ ፈላ። እሷ ግን ቦርሳዋን ከፍታ በጨለማ የሚያበራ ፕላስተር አወጣች። ልጆቹን መድረክ ላይ አቆመችና መብራቱን ሁሉ አስጠፋች። «መሀል ላይ ወንበር አለ፣ ሄዳችሁ ተቀመጡ» አለቻቸው። ጉልበታቸውን እያጋጩ፣ እርስ በርስ እየተላተሙ ተራወጡ፤ ወንበሩን ያገኘው የለም። መብራት ተበራ። ወንበሩ ሥር ወለሉ ላይ ጣት የምታህል ፕላስተር ለጠፈች፣ መብራቱ እንደገና ጠፋ። በዚህኛው ጊዜ ሁሉም ደረሱ።

«አያችሁ፣ ኮከብ የሚሆነው ሰው በጨለማ ወንበሩን የሚያገኘው አንዱ ቀድሞ ተንበርክኮ ምልክት ስላደረገለት ነው» አለቻቸው። «ዛሬ መንበርከኩን እንማራለን።»

ልጆቹ ወደዷት። በሁለተኛው ሐሙስ ተራው የእኔ ነበር። አርባ ቆጥረው ሳይጨርሱ ከለማኝ ወደ ሚኒስትር ልብስ መቀየርን አሳየኋቸው። የኮቱ ቁልፎች ለዓይን የተሰፉ ናቸው፤ የሚዘጋው ከሥራቸው ያለው ተለጣፊ ጨርቅ ነው። በመልኩ የሚኮራ አንድ ረጅም ልጅ ቸኩሎ ሱሪውን የኋላውን ወደ ፊት አድርጎ ሚኒስትር ሆኖ ወጣ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። መጋረጃም ሳቀች። ይኼኔ ቂሟን ረስታ በሥራው ፍቅር ብቻ ልትጨርሰው ነው ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

ሦስተኛው ሐሙስ የመብራት ቀን ነበር። የመብራት ክፍሉ ከትምህርት ቤቱ አዳራሽ ኋላ በጠባብ ደረጃ የሚወጣበት፣ ፊቱ መስታወት የሆነ፣ ሳጥን የሚያህል ክፍል ነው። ከቲያትር ቤታችን አብሮን የሄደው መብራት ሠራተኛ እያንዳንዳቸውን የመብራት ማዘዣው ፊት እያስቀመጠ «የንጋት ብርሃን አሳዩኝ» ይላል። አንዱ ንጋቱን እንደ መብረቅ ያበራዋል፣ ሌላው ጀንበር ሳትወጣ ያስመሻታል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አፏ ሲከፈት ያላየሁት አንዲት ቀጭን ልጅ ነበረች፤ ጓደኞቿ «ጭምቷ» ይሏታል። ተራዋ ደርሶ ተቀመጠች። ጣቷን ቀስ አድርጋ ገፋች፣ መሀል ላይ አቆመች፣ ጠበቀች፣ እንደገና ገፋች። መድረኩ ላይ ቀን ሲወጣ አየን።

ከዚያ ልጅቷ «የሰውየው ጥላ ከራሱ ቀድሞ ግድግዳው ላይ ይደርሳል» አለች፣ ለሙከራ መድረኩ ላይ የቆመውን ተማሪ እያሳየች። «ከፊት ያለውን ባውዛ ቀንሰን ከጎን ብናበራውስ?»

መብራት ሠራተኛው አፉን ከፈተ። መጋረጃ ወደ ልጅቷ ጠጋ ብላ እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «ማን አስተማረሽ፣ የኔ ልጅ?»

«ማንም። ልጅ ሆኜ አባቴ ቤት ውስጥ ሲለማመድ መብራት የምይዝለት እኔ ነበርኩ።»

«አባትሽ ተዋናይ ነው?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ረጅሙ ልጅ «እትዬ፣ አያውቁም እንዴ? የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ልጅ እኮ ናት» አለ። «በመዝጊያው ቲያትር ዋናዋም እሷ ናት።»

ጓደኛዬ እጇን ከልጅቷ ትከሻ ላይ አላነሳችም። ግን እጇ እዚያው ላይ ሲደርቅ አየሁት።

ስንመለስ በእግር ነበር የሄድነው። ቲያትር ቤታችን ልንደርስ ስንል «አገኘሁት» አለችኝ።

«ምኑን?»

«የሚያመውን ቦታ።»

«ልጅቷ ምን በደለችሽ?»

«ምንም። ግን አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል። እኔ ዓይኑ ሲያለቅስ ማየት ነው የምፈልገው።»

«አፍንጫውንስ አያመውም?» አልኳት።

እርምጃዋን ፈጠን አደረገች።

እውነቱን ለመናገር፣ ልጅቷን «የአንቺ ቦታ መብራት ክፍሉ ነው» ስትላት አልዋሸችም። በዚያ እጅ ላይ ከንቱ ውዳሴ አያስፈልግም ነበር። በአራተኛው ሐሙስ ልጅቷን ለዋናው ሚና ልብስ ልለካት ትምህርት ቤቱ ለአልባሳት ወደሰጠኝ ክፍል አስገባኋት። እጇን ዘርግታ ቆማ፣ እኔ አፌ ውስጥ ስፒል ይዤ ወገቧን ስሰበስብ፣ «እትዬ መርፌ፣ ይሄን በተጠባባቂዋ ልክ ቢሰፉት ይሻላል» አለችኝ። ተጠባባቂ ያለችው፣ ዋናዋ ብትቀር ብሎ አባቷ ለወጉ ያህል የመደባትን ተማሪ ነው። ያቺ ልጅ ሚናውን በፍቅር አጥንታ ጨርሳዋለች።

«ለምን?» አልኳት በስፒሎቹ መሀል።

«ከመውጣቴ በፊት ሁልጊዜ ያስመልሰኛል። አባቴ ‹ትለምጂዋለሽ› ይላል። ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ አልለመድኩትም። መብራት ክፍሉ ውስጥ ግን… ዛሬ ቤት ስገባ ልነግረው ነው።»

«አትንገሪው» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። መጋረጃ ነበረች። ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች። እንዲያ ለስልሳ ስትናገር የምሰማት ተዋናይ ሲደነግጥባት ብቻ ነው። «አባትሽን ታውቂዋለሽ። አሁን ብትነግሪው ይጮሃል፣ አንቺም ትፈሪያለሽ፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። በዕለቱ ተጠባባቂዋ ትውጣ፣ አንቺ ከላይ አብሪ። ብርሃንሽን በዓይኑ ሲያየው ራሱ ይገባዋል።»

«ዘመድ ሁሉ ጠርቷል እኮ፣ እትዬ።»

«ይጥራ። ሁሉም ያዩልሻል።»

ልጅቷ አመነቻት። ማን አያምን? እኔ «ተይ፣ ይሄ ነገር ደግ አይደለም» ማለት ነበረብኝ። አፌ ውስጥ ስፒል ነበር፤ ለዝምታዬ ያገኘሁት ሰበብ እሱ ብቻ ነው። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት በሳቅ፣ አሁን በዝምታ። ልብሱን በተጠባባቂዋ ልክ ሰፋሁት።

ቀሪዎቹ ሁለት ሐሙሶች በዝግጅት አለቁ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ሥራ ሰጠች፤ ለመጋረጃው፣ ለድምፁ፣ ለቁሳቁሱ ጠረጴዛ። ኩሩው ረጅም ልጅ የሻይ ኩባያዎቹን ቦታ በጠመኔ እያከበበ፣ ሰው አንዷን ቢነካበት የሚቆጣ ሆነ። ነጎድጓድ ልምምድ ላይ ልጁን መድረክ ላይ ያያታል፤ እሱ ሲወጣ ተጠባባቂዋ ትተካለች፣ ልጅቷም ደረጃውን ወጥታ መብራቱን ትይዛለች። መጋረጃ ሁለቱን ቲያትር ጎን ለጎን አስኬደችው። ቂም እንዲህ ሲሠራ ትዕግሥቱ ያስፈራል።

ቲያትሩ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከመከፈቱ በፊት ነጎድጓድ አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሶ ልጁን ሊያበረታታ ወደ ጀርባ መጣ። መጋረጃ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«መምህር፣ ከዚህ በኋላ ቲያትሩ የአዘጋጁ አይደለም፤ የመድረክ አስተዳዳሪዋ ነው» አለችው። «ደንቡን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

«አስተማርኩሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀ፤ ደስ ብሎት ነበር። «እሺ እሺ፣ ደንብ ደንብ ነው» ብሎ ተመለሰ።

እኔን ወደ ጎን ሳበችኝና «ከእሱ ወንበር ጀርባ ተቀመጪ» አለችኝ። «የሚለውን እያንዳንዷን ቃል ስሚልኝ።»

ሄድኩ። ፊተኛው ረድፍ ላይ ወንድሞቹ፣ ሚስቶቻቸው፣ ልጆቻቸውና አንዲት ያረጁ አክስቱ ተቀምጠዋል። በቀኙ ከበላይ መሥሪያ ቤቱ የመጡት ኃላፊ አሉ። መጋረጃው ተከፈተ፣ ብርሃኑ ቀስ ብሎ መጣ፣ ተጠባባቂዋ ገባች።

አክስትየው አንገታቸውን አስግገው «ወይ ጉድ፣ አድጋለች» አሉ።

«እሷ አይደለችም፣ አክስቴ» አለ።

«ታዲያ የኛዋ የታለች?»

ነጎድጓድ ከወንበሩ ብድግ አለ። ኃላፊው ዞር ብለው አዩት። ተቀመጠ። ከጀርባ ሆኜ ጆሮው ሲቀላ አየሁ። ዋናውን ሚና ሌላ ሰው ቢይዘውም ቲያትር አይቆምም፤ ይሄንንም ያስተማረን እሱ ነው። አክስትየው ትንሽ ቆይተው ጠየቁት፣ ዝም አለ። ወንድሙ ጎንበስ ብሎ ጠየቀው፣ ዝም አለ። ሦስተኛ ጊዜ አክስትየው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «የታለች ልጅህ? ለሷ አይደል እንዴ የመጣነው?» ሲሉ፣ ፊቱን ሳያዞር «ታማለች፤ ድንገት ነው» አለ።

የጓደኛዬን እናት አስታወስኩ።

በቲያትሩ ሁለተኛ ክፍል የንጋት ትዕይንት አለ። ልጅቷ ያን ንጋት ስታመጣው አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። ኃላፊው ወደ ነጎድጓድ ጠጋ ብለው «መብራቱን የሚሠራው ማነው?» አሉት።

«አላውቅም» አላቸው።

ጭብጨባው ሳያልቅ ወደ ጀርባ ሮጥኩ። መጋረጃ ጠረጴዛዋ ላይ ነበረች፤ ማዳመጫው ከጆሮዋ አልወረደም። «ምን አለ?»

«ታማለች አለ።»

ዓይኗን ጨፈነች። «ድገሚልኝ።»

«አክስቱ ሦስት ጊዜ ጠይቀውት፣ ታማለች አላቸው።»

ፈገግ አለች። ከረሃብ በኋላ የጠገበ ሰው ፈገግታ ነው። «እናቴ እንዳለችው። ቃል በቃል። አንዲት ፊደል አላጎደለም። ልጁን ከእጁ ወስጄ፣ ዘመዱ ፊት አፉን አስያዝኩት» አለችና ሳቀች። «አሁን እናቴ ትተኛለች።»

ያን ጊዜ ነው ጠረጴዛዋ ላይ ያለችውን ቀይ መብራት ያየሁት። ማይክሮፎኑ አልተዘጋም ነበር። ከሷ አፍ የሚወጣው ሁሉ ከላይ መብራት ክፍሉ ውስጥ ያለችው ልጅ ጆሮ ይገባል።

ልጅቷ በደረጃው ወርዳ፣ በአዳራሹ ዞራ መጣች። ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። አላለቀሰችም።

«ይሄ ሁሉ ስለ መብራት መስሎኝ ነበር» አለች።

«መብራቱ እውነት ነው፣ የኔ ልጅ። እጅሽ…»

«‹አትንገሪው› ያሉኝስ?»

መጋረጃ፣ የሌላውን ሁሉ ቃል በቃሏ የምትይዘው ሴት፣ የምትለው ጠፋት።

ነጎድጓድ የገባው በዚያ መሀል ነው። «ልጄን ምን አደረግሻት?» ሲል የቁሳቁስ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ኩባያዎች ተንቀጫቀጩ። ተማሪዎቹ ወደ ግድግዳው ተጠጉ።

መጋረጃ ማዳመጫዋን አውልቃ አስቀመጠች። «ፊቷ የሚያምረው ከመጋረጃ ጀርባ ነው» አለችው።

ይህችን ቀን ስትጠብቅ የኖረችው ለዚች ዓረፍተ ነገር ነበር። እሱ ግን ግራ ተጋብቶ አያት። «ምን ማለት ነው?»

«አታስታውስም?» አለች። አንቱታው ቀርቷል። «የመበለቷን ሚና ለማን ሰጥተህ ከማን ቀማህ? ቃል ጠፍቶህ ማን ሹክ አለችህ? እናቴ አሥራ አንድ ሰው ይዛ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። እኔ ከጀርባ ሆኜ የራሴን ቃል ለሌላ ሰው ሳቀብል ዋልኩ።»

ግንባሩን አሸት አደረገ። የምር ሊያስታውስ እየሞከረ ነበር፤ ይታይበታል። ወደ እኔ ዞሮ እንድረዳው ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ስንት ተማሪ አስተምሬያለሁ» አለ። «ስንቱን ቲያትር… ካጠፋሁ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«‹ካጠፋሁ›ን አውጣትና እንደገና በል።»

ለማያስታውሰው ነገር ምን ይበል? ያን ጊዜ ነው የጓደኛዬ ፊት የወደቀው። ሃያ ስድስት ዓመት የተሸከመችው ነገር፣ እሱ ዘንድ ከዚያው ዕለት ምሳ እንኳን ያላለፈ ነበር።

ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች። «ታማለች አልካቸው?»

«ሰው ፊት ምን ልበል?»

«ዞር ብለህ ብታየኝና ‹እዚያ ላይ ናት› ብትል ምን ነበረበት? አክስቴ እንኳን ቀና ብለው ባዩኝ ነበር።»

ሁለቱንም አየቻቸው። ጃኬቷን ከምስማሩ አንስታ በኋላ በር ብቻዋን ወጣች። አባትየው ተከተላት። መጋረጃ አልተከተለችም፤ ተቀምጣ የዕለቱን መዝገብ ጻፈች። አጎንብሼ አነበብኩት፦ «መጋረጃ በሰዓቱ ተከፈተ። የቃል ስህተት የለም። የመብራት ስህተት የለም። የድምፅ ማስተላለፊያው ሳይዘጋ ቀርቷል፤ ጥፋቱ የመድረክ አስተዳዳሪዋ ነው።»

በሳምንቱ ከነጎድጓድ የክስ ደብዳቤ መጣ። ሥራ አስኪያጁ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣት፤ ሳታነብ ፈረመች። ከአሥራ አራቱ ተማሪዎች አምስቱ ከመድረክ ጀርባ መሥራት እንፈልጋለን ብለው አመለከቱ፤ ረጅሙ ልጅ ዛሬ የቲያትር ቤታችን የቁሳቁስ ኃላፊ ነው፣ ኩባያ ከነካችሁበት ጉዳችሁ። ነጎድጓድ ሐሙሶቹን ሰረዛቸው። በዓመቱ ግን ያን ንጋት ያልረሱት የበላይ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ እንዲቀጥሉ አዘዙ፣ መጋረጃም ሄደች። እሱ በአንዱ በር ሲገባ እሷ በሌላው ትወጣለች። ሰላምታ የላቸውም፤ እሷም አትፈልገውም። ለአዲሶቹ ተማሪዎች ፕላስተሩን ከማውጣቷ በፊት «የምትመርጡትን ሁሉ ለቤተሰቦቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ» ስትል ሰማኋት። ምክንያቱን አልነገረቻቸውም።

አንድ ቀን የመድረኩን ወለል ስንለካ «ረክተሻል ወይ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ሦስት ቀን ያህል እንደ ንጉሥ ነበር የተኛሁት» አለች። «በአራተኛው ልጅቷ በሐሳቤ መጣችብኝ።»

«እሱንስ ይቅር ብለሽዋል?»

«እሱን?» ሜትሩን ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። «በእሱ ላይ ዕድሉን ባገኝ ደግሜ አደርገዋለሁ። በሷ በኩል ግን አላደርገውም።»

ልጅቷ ወደ ሌላ ከተማ ሄዳ አንድ ትንሽ ቲያትር ቤት መብራት ክፍል ተቀጥራለች፤ አባቷ ጋ እየመጣች እንደምትጠይቀው ሰምቻለሁ። እኛ ጋ መጥታ አታውቅም። በወር አንዴ፣ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ግን ለመጋረጃ ትደውላለች። «እንደምን ዋላችሁ» የለም፣ «ደህና ናችሁ» የለም። ባለፈው ማክሰኞ መጋረጃ አጠገብ ተቀምጬ ጠርዝ ስጠቀልል ስልኩ ጮኸ፣ ድምፅዋ እስከ እኔ ተሰማ።

«ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ከሁለት በር ሲገባ መጀመሪያ የማበራው የቱን ነው?»

መጋረጃ እርሳሷን አስቀመጠች። «ቀድሞ የሚናገረው ማነው?»

«ሴትየዋ።»

«እንግዲያው ወንድየውን። ሰው ዓይኑ እሱ ላይ እያለ የሷን ድምፅ ይሰማና ይዞራል። ያን ጊዜ አብሪላት። ሁለት ቁጠሪ፣ ሦስት አታድርሺው። በሩ ከእንጨት ነው ወይስ ጨርቅ?»

«ጨርቅ ነው።»

«ከኋላው ያለውን አምፖል አጥፊው፣ ጥላዋ አስቀድሞ ያጋልጣታል።»

ልጅቷ የሆነ ነገር ስትጽፍ ይሰማል። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። መጋረጃ ስልኩን ትንሽ በእጇ እንደያዘች ቆየችና፣ ምሳ ሰዓት እንደደረሰ ነገረችኝ።